ትንቢትና ተማሪ

ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1905 ከቴዎዶር ሲሞን ጋር የአእምሮ መለኪያ ያዘጋጀው፣ ልዩ እገዛ የሚያሻቸውን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ልኬት ፍርድ ሆኖ አየነው። በ2020 ኮሮና ፈተና ሲያሰርዝ፣ እንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ የደረሱ ተማሪዎቿን ውጤት በቀመር አሰላች። ቀመሩ ትምህርት ቤቱ በቀደሙት ዓመታት ያስመዘገበውን እያየ፣ መምህራን ከገመቱት ውጤት 40 በመቶ የሚጠጋውን ዝቅ አደረገ። ጎበዙ ልጅ የታላላቆቹን ዕዳ ከፈለ። ተማሪው አደባባይ ወጣ፤ ውጤቱ በተነገረ በአራተኛው ቀን ቀመሩ ተሻረ።

ያ እንግዲህ ተራ ስታቲስቲክስ ነው። ዛሬ ደግሞ ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚወድቅ ኒውራል ኔትወርክ ይተነብያል ይሉናል። እሱም ቢሆን የሚማረው ከቀድሞ ተማሪዎች መዝገብ፣ ማለትም ከትናንት ነው። እኔ ትንቢቱን አልጠላም። ግን «ይወድቃል» የተባለውን ልጅ ቶሎ ደርሰን ካላስጠናነው፣ ማወቃችን ምን ሊረባው?