እንጦጦ፦ ከማገዶ ተራራ ወደ ጉብኝት ስፍራ

ከተማ በአዋጅ ብቻ አትቆረቆርም። የምትጠጣው ውሃ፣ የምታነደው ማገዶና ቤት የምትሠራበት እንጨት ከቅርብ ስፍራ ሊገኝላት ይገባል። አዲስ አበባ እነዚህን ሦስት ነገሮች ለብዙ ዘመን የጠየቀችው በሰሜን በኩል እንደ ግድግዳ ቆሞ ከሚታየው ከእንጦጦ ተራራ ነበር። ተራራውም የተጠየቀውን ሰጥቷል፤ ነገር ግን በሰጠ ቁጥር ከራሱ አንድ ነገር ጎድሎበታል። ዛሬ ደግሞ አራተኛ ጥያቄ ቀርቦለታል። ጎብኚን እንዲያስተናግድ፣ ከጎብኚውም በሚገኘው ገቢ ራሱን እንዲጠብቅና በሥሩ ያለውን ሕዝብ እንዲረዳ ተጠይቋል። ይህ ጥያቄ ከቀድሞዎቹ የተሻለ መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ የቀድሞዎቹን ታሪክ መመርመር ያሻል።

ጉለሌ የሚለው ስም በአካባቢው ይኖር ከነበረው የጉለሌ ኦሮሞ ጎሳ የተወረሰ ነው። ከሽሮ ሜዳ ገበያ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ዳገት ተጓዡን በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ያደርሰዋል። የተራራው ጫፍ ውሃ ከፋይ ነው። በሰሜናዊው ገጽ የዘነበው ዝናብ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወርዶ በመጨረሻ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ በደቡባዊው ገጽ የዘነበው ግን በቀበናና በቀጨኔ በመሳሰሉት ወንዞች አማካይነት ከተማዋን አቋርጦ፣ በአቃቂ በኩል አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። እንግዲህ በተራራው ላይ የተፈጸመ ማናቸውም ነገር፣ ዛፍ መቁረጥም ሆነ መንገድ ማውጣት፣ ከታች ባለችው ከተማ ውስጥ ሳይሰማ አይቀርም።

ደኑ ያለቀበት ዘመን

ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ሠፈራቸውን በእንጦጦ ላይ ያደረጉት ስፍራው ለመከላከል የሚያመች አምባ በመሆኑ ነበር። ሆኖም ለጦር ሠፈር ያመቸው ከፍታ ለከተማ አልተስማማም። ብርዱ ጽኑ ነበር፤ ስንቅና ውሃ ወደ ላይ ማውጣቱም አድካሚ ነበር። ከሁሉም ይበልጥ ግን ብዙ ሺህ ሠራዊትና ተከታይ በአንድ ስፍራ ሲቀመጥ በዙሪያው የነበረው ዛፍ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ጠያቂነት በፍል ውሃ አጠገብ አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከተማው ወደ ሜዳው ወረደ። ይሁንና የተራራው ክብር ወዲያው አልቀረም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያው በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

ከተማው ቢወርድም ጥያቄው ከተራራው አልወረደም። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ምንጭ ጠልፎ ውሃን በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረደ። በአገራችን የምህንድስና ታሪክ ይህ ሥራ በመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚጠቀስ ነው፤ ለከተማዋ ሕይወት የተራራው ምንጭ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበረም ያስረዳል። ማገዶና የቤት እንጨት ግን በቧንቧ የሚወርድ ነገር አልነበረም። እንጨት ቆራጩ ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ሄደ፤ ለትልልቅ ሕንፃዎች የሚሆነውም ጽድ ከምዕራብ፣ ከመናገሻ ደን መምጣት ጀመረ። የመናገሻ ደን ራሱ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው ተብሎ በትውፊት ይነገራል። ይህ ትውፊት ደን መትከል ለአገሩ ሰው እንግዳ ሐሳብ እንዳልነበረ ያመለክታል።

ችግሩ እየከፋ ሲሄድ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን እንደ ገና ለማዛወር አሰቡ። በ1892 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀመረ፤ መንገድም ተቀየሰ። ዛሬ በአዲስ ዓለም የሚታየው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ለቤተ መንግሥት ታስቦ የተጀመረው ሥራ ፍሬ ነው። ዋና ከተማው ሳይዛወር የቀረበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ዛፍ ነበር።

ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ

ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ያስገባውም ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደ ሆነ በብዛት ይነገራል። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል፤ ከብትም ቅጠሉን አይበላውም። ለማገዶ ለተቸገረ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አልነበረም። መንግሥትም ችግኝ በማደልና ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነፃ በማድረግ ተከላውን አበረታታ። በዚህ ዓይነት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከተማዋ በዛፍ ተከበበች፤ የእንጦጦም ገጽታ ከሥሩ ተለወጠ።

ይሁን እንጂ ስጦታው ዕዳም ነበረው። ዛፉ ውሃ በብዛት ይጠጣል፤ በሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ይህን ለማስተዋል ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ምንጮችና ጉድጓዶች ደረቁ የሚል አቤቱታ በመብዛቱ፣ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀልና ቅጠሉ ለሐር ትል ምግብ በሚሆን ዛፍ እንዲተካ መንግሥት አዘዘ። ትእዛዙ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ ምጣዱን የሚያሰማበት ሌላ ነገር አልነበረውም። ኑሮን የሚተካ ነገር ሳይቀርብ የወጣ ትእዛዝ፣ ሐሳቡ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ከወረቀት እንደማይወርድ የእንጦጦ ታሪክ ያን ጊዜ አስተምሮ ነበር።

በጀርባ የሚወርደው ማገዶ

በ1967 ዓ.ም. የገጠርና የከተማ ቦታ አዋጆች ከታወጁ በኋላ፣ ቀድሞ በግለሰቦች ይዞታ የነበረው በከተማዋ ዙሪያ ያለው የባሕር ዛፍ ተክል በመንግሥት እጅ ገባ። ደኑ ጥበቃ ተመደበለት፤ ያለ ፈቃድ መልቀምም ተከለከለ። የድሃው ቤት እሳት ግን በክልከላ አልጠፋም። ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ በገመድ ጠፍረው፣ በጀርባቸው አዝለው ከተራራው ወደ ከተማው የሚወርዱት ሴቶች ቁጥር እየበዛ ሄደ።

ይህ ሥራ ለእንጦጦ ታሪክ የጎን ጉዳይ አይደለም። ከ30 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሸክም ይዞ በቁልቁለት መውረድ ጉልበትንና ወገብን ይጎዳል፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። ሴቶቹ በዚህ ላይ በጥበቃ ሠራተኞች መባረርና ሸክማቸውን መነጠቅ ይደርስባቸው ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚያገኙት ገንዘብ የዕለት ጉርስ ከመሆን አያልፍም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን ኑሮ አስጠንቶ፣ ሌላ መተዳደሪያ እንዲፈለግ የሚያግዝ ፕሮጀክት አካሂዷል። ከዚያ ወዲህ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር መሥርተው ወደ ሽመና ገብተዋል። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች የሠፈሩበት ሽሮ ሜዳ በቅርብ መኖሩም ሥራው ለአካባቢው ባዕድ እንዳይሆን አድርጎታል። ወደ ተራራው የሚወጣ ጎብኚ ከማኅበሩ ነጠላና ፎጣ ገዝቶ ሲመለስ፣ ለእንጦጦ የጉብኝት ገቢ ከሸክም ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረ ማለት ይቻላል።

ተራራው ለጎብኚ ሲከፈት

የኢትዮጵያ ቱሪዝም በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት በድርጅት ደረጃ ሲቋቋምና «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መጠሪያ ሲወጣ፣ የጎብኚው ጉዞ በአብዛኛው ወደ አክሱም፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ሐረር ያመራ ነበር። እንጦጦ ከተማውን ቁልቁል ለማየትና ቤተ ክርስቲያኖቹን ለመሳለም የግማሽ ቀን መውጫ ሆኖ ቆየ። ተራራውን በራሱ፣ በዕፅዋቱና በአራዊቱ ምክንያት የመጎብኘት ሐሳብ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከተራራው ከፊሉን ተረክቦ በአገር በቀል ዛፍ ለማልበስ ተነሣ። ቀጥሎም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ የጉለሌን የዕፅዋት ማዕከል በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አቋቋሙ። ማዕከሉ 705 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ አምጃና ቀጋ የመሳሰሉትን የደጋ ዕፅዋት በመጠበቅና በማባዛት፣ ተማሪን በማስተማርና ጎብኚን በመቀበል ይሠራል። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። የእግርና የብስክሌት መንገዶች፣ ማረፊያዎች፣ ምግብ ቤቶችና መዝናኛዎች ተሠሩለት፤ ቀድሞ ማገዶ ይሸከሙ ከነበሩት ሴቶችም አንዳንዶቹ በዚያ ሥራ አገኙ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል መብራራት አለበት። ኢኮቱሪዝም የሚለውን ስያሜ በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ያስተዋወቀው የሜክሲኮው አርክቴክት ኤክቶር ሴባዮስ ላስኩራይን እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ በስፋት ተቀባይነት ያገኘው ትርጉም ሁለት ግዴታዎችን ያጣምራል፤ ጉዞው ተፈጥሮን ሊጠብቅ፣ የአካባቢውንም ሕዝብ ኑሮ ሊያሻሽል ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ስፍራው የመዝናኛ ስፍራ ነው። መዝናኛ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በሌላው ስም ሊጠራ አይገባም።

ሁለቱን ግዴታዎች ማጣመር ቀላል አለመሆኑን ከእንጦጦ ይበልጥ ረዘም ያለ ዕድሜ ያለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያሳያል። ይህ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ሆኖም የዋልያው ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽም ወደ ውስጥ በመግፋቱ፣ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆየ። ከመዝገቡ የወጣው የጊች መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ከተደረገ በኋላ ነው። ለዋልያው የተገኘው ፋታ በሰው በኩል መንደርንና የእርሻ መሬትን አስለቅቋል። ሒሳቡ ሙሉ የሚሆነው ይህም ሲጻፍ ነው።

የባለሙያው ድርሻ

እንጦጦ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ከታሪኩ ሦስት ነገሮችን ይወርሳል። የመጀመሪያው ውሃ ነው። በዳገት ላይ የተነጠፈ አስፋልት፣ የመኪና ማቆሚያና ጣራ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረውን ዝናብ ወደ ጎርፍ ይለውጠዋል። የእግር መንገድም ቢሆን ቁልቁል በቀጥታ ከወረደ በጥቂት ክረምት ቦይ ይሆናል። ስለዚህ መንገዱ የተራራውን ወገብ ተከትሎ መቀየስ፣ ውሃውም በየአጭር ርቀቱ ወደ ሣርና ወደ እርከን መበተን አለበት። ይህ ካልሆነ የላይኛው ውበት በታችኛው ሠፈር ላይ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል።

ሁለተኛው ዛፍ ነው። ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ መመንጠር አፈሩን ለክረምት አሳልፎ መስጠት ነው፤ እንዳለ መተውም የአገር በቀሉን ተስፋ መዝጋት ነው። የሚሻለው በየረድፉ እያሳሱ፣ በጥላው ሥር የጽድንና የወይራን ችግኝ እያሳደጉ፣ የጉቶውንም ቁጥቋጦ በየጊዜው እያነሡ መሄድ ነው። ጽድ እንደ ባሕር ዛፍ የሚቸኩል ዛፍ ባለመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ሥራ ከአንድ የበጀት ዘመን ይልቅ በሠላሳና በዐርባ ዓመት የሚታሰብ ነው።

ሦስተኛው ሰው ነው። ዛሬ በከተማዋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢስፋፋም፣ በማገዶ የሚጋግር ቤት አልጠፋም፤ ጭራሮ ለቅማ ልጆቿን የምታሳድግ እናትም ገና አለች። ለእርሷ ደኑ ሲታጠር የሚቀርባት ሥራ በቁጥር፣ በደመወዝና በዘላቂነት ካልተለካ፣ የ1905 ዓ.ም. ትእዛዝ ታሪክ ይደገማል፤ ወይ አጥሩ ይፈርሳል፣ ወይ ቤቷ ይፈርሳል።

የጎብኚ ብዛትና የመግቢያ ገቢ በየዓመቱ መዘገቡ ተገቢ ነው። ከዚሁ መዝገብ አጠገብ ግን በበጋ የሚፈሱት ምንጮች መጠን፣ የጸደቁት አገር በቀል ችግኞች ብዛት፣ ከሸክም ወጥተው በቋሚ ሥራ የሚተዳደሩት ሴቶችም ቁጥር ሊሰፍሩ ይገባል። እነዚህን መለካት ለሙያው አዲስ አይደለም፤ የሚያስፈልገው የምንጩን ፍሰት በየበጋው ለመለካትና የሴቶቹን የሥራ መዝገብ በየዓመቱ ለማየት የተመደበ ባለሙያ ነው።