ከፍልውሃ እስከ አቤ

ስሙኝማ፣ የአዋሽን ሸለቆ ነገር ላውጋችሁ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እኛም ከአዋሽ ከተማ ተነሥተን ወንዙን ተከትለን እንውረድ።

አዋሽ ሰባት ኪሎን የወለዳት ባቡር ነው። ከጣቢያው አጠገብ መንገደኛ የሚበላበትና የሚያድርበት ቡፌ ነበራት። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የወንዙን መጨረሻ ሊያይ በ1926 ዓ.ም. ግመሎቹን አስጭኖ የተነሣው ከዚሁ ጣቢያ ነው። የአፋር ምድር የሆነው አውሳ ሲደርስ የአገሩ ሱልጣን መሐመድ ያዮ ጫካ መሐል በጨረቃ ብርሃን ተቀበሉት፤ ማለፊያም ሰጡት። አፋር የወንዙን መጨረሻ ከጥንት ያውቀዋል፤ እንግዳው ያየው በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ፍልውሃው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ጫፍ፣ 2,007 ሜትር ከፍ ብሎ ከቆመው ከፈንታሌ ተራራ ባሻገር፣ ዘንባባ የከበባቸው ጥርት ያሉ ሰማያዊ ኩሬዎች አሉ። ከከተማ የመጣ ሰው ገብቶ ይታጠባል፣ ድካሙን ይጥላል። አርብቶ አደሩ ግን በዚያው አካባቢ በበጋ ለከብቱ ውሃና ሣር ያያል። ፓርኩ በ1961 ዓ.ም. በአዋጅ ሲጸና፣ ከላይ የስኳር እርሻው ሲሰፋ፣ ለአፋሩም ለከረዩ ኦሮሞውም የግጦሹ ሜዳ እየጠበበ ሄደ።

ውሃውን የሚያሞቀው ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ስምጥ ሸለቆው እየተለጠጠ ነው፤ ቅልጥ ዓለቱ ወደ ላይ ቀርቧል። ወደ ከርሠ ምድር የሰረገው ውሃ እዚያ ግሎ በስንጥቁ ይመለሳል። ያው እሳት በእኛው ዘመን፣ በ2017 ዓ.ም.፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን ተራራ ዙሪያ ምድሩን ደጋግሞ አናወጠው፤ መሬት ተሰነጠቀ፣ እንፋሎት ፈነዳ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ። ፍልውሃውን የሰጠ እሳት ቤቱንም ነሣ።

ወደ ታች እንለፍ። የአፋር ክልል ርዕሰ ከተማነት ከአሳይታ ወደ ሰመራ ተዛውሯል። ከሰመራ ብዙም ሳይርቅ አላሎበዳ አለ፤ ውሃው እንደ ተጣደ ድስት ይንተከተካል። እዚያው ተንዳሆ ላይ ጠልቀው የተቆፈሩ ጉድጓዶች አሉ፤ እንፋሎቱ መብራት እንዲሆን ታስቦ ነው።

እንግዲህ ነገሬን ልቋጭ። ፍልውሃ ከተማ ይወልዳል፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ነው። በአዋሽ ሸለቆም ማረፊያ ይሠራ፣ እንግዳም ይምጣ። ነገር ግን ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ የት ዘነበ፣ የትኛው ኩሬ ደረቀ፣ የት ሰላም ነው ይባባላሉ። የአገሩ ካርታ እዚያ ነው ያለው። ስለዚህ እንግዳውን የሚመራው የአካባቢው ልጅ ይሁን፤ የከብቱ መጠጫ ይጠበቅ፤ የመታጠቢያውም ገቢ ለቀበሌው ይድረስ። ሱልጣኑ ዘንድ ፈቃድ የተጠየቀበት አገር ነውና፣ ዛሬም ባለቤቱ ይጠየቅ።