የቀን ዳፍንት

ጎጃም፣ ቡሬ ገበያ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በርበሬ ከተሰጣበት ሸራ አጠገብ አንድ ሰው ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናንቦ ቁጢጥ ብሏል። ከሩቅ ለሚያየው ወባ የጣለው ወይም መርዶ የደረሰው ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ግን ከጋቢው ስር ሰማያዊ ብርሃን ይታያል። ስልክ እያነበበ ነው። የሁለት ኩንታል በርበሬ ዋጋ በስልኩ ተልኮለታል፤ መግባቱን በዓይኑ ሳያይ ማዳበሪያውን አያስነሳም። ገዢው ቆሞ ይጠብቃል። ሰውየው ከጋቢው ወጣና ላቡን እየጠረገ «ይኸ ዕቃ ማታ ደህና ነው፤ ቀን ሲሆን ይታወራል» አለ።

ዳፍንት የሚባለው ሕመም ሰውን የሚይዘው ሲመሽ ነው። የስልክ ዳፍንት የቀን ነው። ስለ ስክሪን ጥራት ብዙ ይባላል፤ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ጠርዙ ቀጭን ነው ይላሉ ሻጮች። ይህ ሁሉ የሚባለው በአምፖል ብርሃን፣ ሱቅ ውስጥ ነው። የጃቢ ጠህናን ወይም የወንበርማ ወረዳ ገበሬ ደግሞ ቀኑን የሚያሳልፈው ደጅ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በአገራችን የስክሪን ጥራት ታሪክ ሲጻፍ መጠየቅ ያለበት ቀዳሚ ጥያቄ «በፀሐይ ይነበባል ወይ?» የሚለው ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን 100 ሺህ ሉክስ ገደማ ይደርሳል። እዚያ ላይ የተዘረጋ ነጭ ወረቀት ያንን ብርሃን መልሶ ሲያበራ 25 ሺህ ኒት ያህል ድምቀት ይኖረዋል። ርካሽ ስማርት ስልክ አቅሙን አሟጦ የሚያወጣው 400 ወይም 500 ኒት ነው። በዚያ ላይ መስታወቱ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 ከመቶ ያህሉን ወደ ዓይን ይመልሳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከመልእክቱ ይልቅ የራሱን ግንባርና ሰማዩን ያያል። ወረቀት ከፀሐይ ተበድሮ ይደምቃል፤ ስክሪን ከፀሐይ ጋር ይታገላል። ጋቢ የሚያስከናንበው ይኸው ነው። የድሮ ፎቶ አንሺም ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ራሱን ይቀብር የነበረው በዚሁ ምክንያት ነበር።

የቀድሞ ሰዎች ጽሑፍና ብርሃን እንደሚተሳሰሩ ያውቁ ነበር። ጎጃም የብራናና የቅኔ አገር ናት፤ የቅኔ ቤቱን የዋሸራን ስም ያልሰማ የአብነት ተማሪ የለም። የፍየሉ ቆዳ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ እስኪለሰልስ ይዳመጣል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። እኔን የሚገርመኝ ግን የፊደሉ መጠን ነው። ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚጻፈው መጽሐፍ ፊደሉ ጉልህ ነው፤ ጨለም ባለ መቅደስ በጧፍ ብርሃን ቆሞ ለሚያነብ ሰው የተሰናዳ ነውና። የግል ዳዊት ግን በማኅደር ተከቶ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ በቅርብ የሚነበብ ስለሆነ ፊደሉም ደቀቅ ይላል። ጸሐፊው ብርዑን ከማንሳቱ በፊት መጽሐፉ የት ሆኖ፣ በምን ብርሃን እንደሚነበብ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ነው ያጣነው።

ወረቀትም ቢሆን ደጅ ሲወጣ አላሳፈረም። በ1933 ዓ.ም. አርበኞችና በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጊዲዮን ኃይል ጦር በጎጃም ሲዘልቁ፣ ጣሊያን በየካቲት መጨረሻ የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደምበጫና ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ ከጦሩ ጋር አብሮ የተጓዘ ሌላ መሣሪያ ነበር። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል በአማርኛ በራሪ ወረቀትና «ባንዲራችን» የተባለች ጋዜጣ ያሰራጭ ነበር። በኋላ ፍኖተ ሰላም በተባለችው በወጀትም ሆነ በቡሬ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሰው ሰው እንዲነበብለት የሚያስፈልገው አንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ብቻ ነበር። ባትሪ አይፈልግ፣ ጥላ አይፈልግ።

ከዚያ መስታወቱ መጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ቀለም ያየው በ1977 ነው። ወደ ገጠር ከተሞች የደረሰው እያዘገመ ነበር፤ በደረሰበትም ጥራቱ የሚወሰነው ጣራ ላይ በወጣው ልጅ ነበር። ከውስጥ «ወደ ግራ! ወደ ግራ! ኧረ አበላሸኸው!» ይባላል፤ ምስሉ በነጭ ብናኝ ይሸፈናል፤ ልጁ አንቴናውን አቅፎ እንዳይንቀሳቀስ ይታዘዛል። ያ ዘመን የስክሪን ችግር የሁሉም ቤት የጋራ ሥራ የነበረበት ዘመን ነው።

ለብዙ የጎጃም ወጣት ግን የመጀመሪያው ትልቅ ስክሪን የቤት ቴሌቪዥን አይደለም፤ ፕላዝማ ነው። በ1996 እና 97 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ ፕላዝማ ሰቀለ። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ፍጥነቱ የማይጠብቅ። «ፕላዝማ» የሚለው ቃል የመሣሪያ ስም መሆኑ ቀርቶ የመምህር ስም ሆነ፤ «ፕላዝማው እያስተማረ ነው» ይባል ነበር። መብራት ሲሄድ ትምህርቱ ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ ትምህርቱ ሌላ ምዕራፍ ደርሷል።

ስለ ፕላዝማ የማስተማር ዘዴ ብዙ ተጽፏል። ስለ ስክሪኑ ጠባይ ግን የሚያወራ አልገጠመኝም። ፕላዝማ ማለት በሁለት መስታወት መሐል የታሸጉ እጅግ ብዙ የጋዝ ክፍሎች ማለት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ያበራሉ። የውስጡ ጋዝ የተሞላው ለቆላ የአየር ግፊት ተለክቶ ነው። ደጋ ላይ የውጪው አየር ሲሳሳ መስታወቱ ይወጠራል፣ ስክሪኑም እንደ ንብ ቀፎ እምም ማለት ሊጀምር ይችላል። አምራቾች ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል በመመሪያቸው ያስጠነቅቁ ነበር። ቡሬ ያለችው 2,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደጋ ዳሞት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሌላም ጣጣ ነበረበት፦ አንድ ምስል ለረጅም ሰዓት ከቆመበት ጥላው እዚያው ተቃጥሎ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ማዕዘኑ ላይ ያው ምልክት ለሚቆምበት የትምህርት ሥርጭት ከዚህ የባሰ ምርጫ ማሰብ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. እስከ 2014 መጨረሻ ድረስ ዋናዎቹ አምራቾች ፕላዝማ መሥራታቸውን እርግፍ አድርገው ተዉት።

በዚሁ ዘመን፣ በኪስ በኩል፣ ሳይታሰብ የተሻለ ነገር ገብቶ ነበር። ሞባይል አዲስ አበባ ላይ በ1991 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ወደ ገጠር ሲወርድ ይዞት የወረደው ኖኪያ ነበር፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ባለ ባትሪው 1100። ጨለማ ላይ አናቱ ይበራል፣ ቻርጁ ቀናት ይቆያል። ስክሪኑ ደግሞ ጥቁርና አረንጓዴ፣ የማያምር፣ ግን ብልህ ነበር፦ የሚያርፍበትን ብርሃን ከጀርባው እንደ ወረቀት ይመልሳል። ፀሐይ ስትበረታ ቁጥሩ ይጎላል። ጋቢ አያስከናንብም ነበር። በስክሪን ታሪካችን ለገበሬው ከሁሉ የተሻለው መስታወት ያ ነበር ብል የሚስቅብኝ ቢኖር ቡሬ ገበያ ሄዶ ይፈትነው።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ላይ ነበር፤ ፊደላችን አልገባበትም። የኖኪያ 3310 ስክሪን በቁመት 48 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። የላቲን ፊደል በሰባት ነጥብ ቁመት ይጻፋል፤ ስለዚህ ጥቂት መስመር ይበቃዋል። አሁን «በ»ን ውሰዱ። «ቡ» ከእሷ የምትለየው ጎኗ ላይ በወጣች አንዲት ጭረት ነው፤ «ቢ» ጭረቷ ወደ እግሯ ትወርዳለች፤ «ቤ» እዚያው እግሯ ላይ ቀለበት ታደርጋለች። በሰባት ነጥብ ቁመት ጭረቱም ቀለበቱም አንድ ቁንጫ ይሆናሉ። ስለዚህ ለዓመታት አማርኛችንን በላቲን ፊደል ጻፍነው። «ጠ» እና «ተ» አንድ ሆኑ። «ወንድምህ መጣ» የሚለው መልእክት «ወንድምህ መታ» ተብሎ ቢነበብ የሚከራከር አልነበረም።

ኮምፒዩተር ላይ ፊደላችንን ለማስገባት እነ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደክመውበታል። የዓለሙ የፊደል ሥርዓት ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው እትሙ ነው። ሆኖም ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር መስጠት አንድ ነገር ነው፣ ቅርጹን ስልክ ውስጥ መጫን ሌላ። የመጀመሪያዎቹን አንድሮይድ ስልኮች የያዙ ሰዎች ያስታውሳሉ፦ ከአዲስ አበባ የተላከ የአማርኛ መልእክት ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ተደርድረው ይታዩ ነበር። ብዙው ሰው ስክሪኑ የተበላሸ ይመስለው ነበር። ስክሪኑ ምንም አልሆነም፤ የጎደለው ፊደሉ ነበር። ቀስ በቀስ ሳጥኖቹ ጠፉ። ቴክኖ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስልክ አገር ውስጥ መገጣጠም ከጀመረ በኋላ ርካሽ ስልክ በየገበያው ደረሰ፤ ፊደሉ በሰፊው መስታወት ላይ ተንጣለለ። ፊደሉ ገባ፣ ፀሐይዋ ግን አሸነፈች።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ብትገቡ የስክሪንን ታሪክ ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ ታገኙታላችሁ። ጠጋኙ ስልኩን በሞቀ ብረት ላይ ያስተኛል፤ ሙጫው ሲለዝብ ቀጭን ሽቦ በመስታወቱና በስክሪኑ መሐል እያንሸራተተ ይለያቸዋል። ትንፋሹን ይዟል። ሽቦው ትንሽ ከዘነበለ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ከጫፍ ጫፍ ይወጣል፤ ያ መስመር አይጠገንም። ባለ ስልኩ ጥግ ላይ ቆሞ ያያል፣ ልክ ሐኪም ቤት በር ላይ እንደሚቆም ዘመድ።

ሁለት ዓይነት ስክሪን አለ። አንደኛው ኤልሲዲ የሚባለው ነው፤ ከኋላው መብራት አለ፣ ፊቱ ላይ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል እንደ መስኮት መዝጊያ ብርሃኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንዲህ ያለውን ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1888 ያገኘው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር ሲሆን ያገኘውም ከካሮት ያወጣውን ነገር ሲመረምር ነው። እኛ ያኔ ክፉ ቀን የምንለው ረሃብ ደጃችን ላይ ነበር። ሁለተኛው ኦሌድ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ለራሱ ያበራል፣ ለዚያም ጥቁሩ ጥቁር ነው። ችግሩ የሚያበራው ነገር ያረጃል፣ ሰማያዊው ደግሞ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይደክማል። ኦሌዱ ሲሰበር ብዙ ጊዜ በቦታው የሚገባው «ኮፒ» የሚባለው ርካሽ ኤልሲዲ ነው። ምስሉ ይመጣል፣ ጣትም ይሠራል፣ ሰውየውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ደጅ ሲወጣ ግን ያው ዳፍንት፣ ከበፊቱ የባሰ።

የጣቱም ነገር አለ። ስክሪኑ ጣትን የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ነው። የቆዳው ውፍረት፣ እርጥበቱ፣ ላቡ ሁሉ ልዩነት ያመጣል። ዕድሜውን ሞፈር የጨበጠ እጅ ጫፉ ደርቆ ስለሚደድር ስክሪኑ ላያውቀው ይችላል፤ አዛውንቱ ሦስት ጊዜ ይጫኑታል፣ የልጅ ልጃቸው በአንድ ንክኪ ትከፍተዋለች፣ «ዘመኑ የእናንተ ነው» ይላሉ። ዘመኑ ሳይሆን ለስላሳ ጣት ላይ የተለካ ዕቃ ነው። ሌላው ቻርጀር ሲሰካ ብቻውን የሚነካካ፣ ራሱ ደውሎ ራሱ የሚዘጋ ስልክ ነው። ጂን ገባበት የሚሉ አሉ። ብዙውን ጊዜ ጂኑ ያለው ርካሹ ቻርጀር ውስጥ ነው፤ ያልተጣራ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ስክሪኑን ጣት የነካው ያስመስለዋል። ጠበል ከመርጨታችሁ በፊት ቻርጀሩን ንቀሉና እዩ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ በቆየበት ወቅት ስማርት ስልኩ ወደ ፎቶ አልበምነት ተመለሰ። የተለዩን ሰዎች ምስል፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ በሜሞሪ ካርድ የዞረ መዝሙር። ያኔ የስክሪን መሰበር ማለት የተለዩንን ሰዎች ፊት ማጣት ማለት ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ እያለ፣ የሚያሳየው ጠፍቶ።

እንግዲህ ስክሪን ልታስቀይሩ የምትሄዱ ሁሉ፣ ይህን አድርጉ። ጠጋኙ አዲሱን ስክሪን በሙጫ ከመለጠፉ በፊት በገመዱ ብቻ አያይዞ እንዲያበራው ጠይቁት። ብርሃኑን እስከ ጫፍ ከፍ አድርጉና ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ቢጫ ጥግ ወይም ጥቁር ነጥብ ካለ ይታያል። ቻርጀራችሁን ሰክታችሁ ብቻውን ይነካካ እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያ ከጠጋኙ ጋር ደጅ ውጡ፣ ፀሐይ ላይ ቁሙ፣ ጋቢያችሁን ሳትከናነቡ አንድ የአማርኛ መልእክት አንብቡ፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» ከለያችሁ ይለጠፍ። ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ቁጠሩ።