ሰባራ ድልድይ፦ ሰውና መንጋ ዓባይን የተሻገሩበት ታሪክ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ለሚታተመው መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ አያሌ ጓደኞቻችን ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ጦር ሜዳ ለመጻፍ አሰቡ። እኛ ግን የመረጥነው አንድ ድልድይ ነው። እኛ ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፥ ደብተራችንም ልብሳችንም የተገዛው ወላጆቻችን በግ ሸጠው ባገኙት ገንዘብ ነውና፥ በጉ ገበያ የሚደርስበትን መንገድ ታሪክ ማወቅ የእኛ ድርሻ መስሎ ታየን።

በታናሽነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፥ መምህራችን ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዲቱን በግ ፍለጋ ስለ ሄደው እረኛ አስተማሩን። ከመካከላችን አንዱ የእስቴ ልጅ እጁን አውጥቶ፥ «በመካከል ወንዝ ቢኖርስ፥ የኔታ?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሁሉ ሣቀ። መምህሩ ግን አልሣቁም። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ከልባችን አልወጣም።

አገራችንን ለማያውቅ አንባቢ ይህ ጥያቄ የልጅ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። የጉና ተራራ ቁመት ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ከግርጌው እስከ ጫፉ ያለው ብርዳም ደጋ ለበግ እጅግ የተስማማ በመሆኑ፥ የፋርጣ በግ የሚባለው ዝርያ የሚረባው በዚሁ ወገን ነው። ነገር ግን አገሩ በገደልና በወንዝ የታጠረ ነው። ከእስቴ በስተ ደቡብ ዓባይ ከጎጃም ይለየናል። ስማዳንም በአንድ ወገን ዓባይ፥ በሌላው ወገን በሽሎ ይዘውታል። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ ተረግጦ የሚታለፈው ውኃ፥ በሐምሌና በነሐሴ ጊዜ ግንድ ነቅሎ ይወስዳል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

ይህ ችግር ተራውን ገበሬ ብቻ ሳይሆን ንጉሡንም ያስጨነቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ባስወሰዱ ጊዜ፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1868 ዓ.ም. ባለው ወራት፥ በጋይንት በኩል ሲያልፉ መንገዱን በየገደሉ እያስቈፈሩ፥ በሽሎንም በብዙ ሰው ጉልበት እያስጎተቱ ተሻገሩ። መንገድ መሥራት ምን ያህል ድካም እንዳለበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዓባይን በድንጋይ ድልድይ የመሻገር ታሪክ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ አላታ በተባለው ስፍራ የመጀመሪያው ተሠራ። ኖራ አቃጥሎ ድንጋይን ከድንጋይ የማያያዝ ጥበብም በዚያን ዘመን ተስፋፋ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል (ከ1632 እስከ 1667) ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ ብዙ ድልድዮች እንዳሠሩ ይነገራል። ከነዚህም አንዱ በእስቴ ወገን ያለውን አንዳቤትን በጎጃም ካለው ከሞጣ ጋር ያገናኘው ነው። የተሠራውም እ.ኤ.አ. በ1660 ዓ.ም. ገደማ ነው ይባላል።

ይህን ድልድይ የውጭ አገር ጸሐፊዎች «ሁለተኛው የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል። እኛ በዚህ አንስማማም። የፖርቱጋል ወታደሮች በ1541 መምጣታቸው፥ ከዚያም በኋላ የኢየሱሳውያን መነኮሳት የሕንፃ ጥበብ ካላቸው ሰዎች ጋር መግባታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ዐፄ ፋሲል ገና በነገሡ ጊዜ እነዚያን መነኮሳት ከአገር አስወጥተዋል። እነርሱ ከወጡ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቈይቶ የተሠራውን ድልድይ በስማቸው መጥራት ምን ፍርድ ነው? ጥበቡ ከውጭ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ድንጋዩን የጠረበውና ኖራውን የተሸከመው ግን የአገሩ ሰው ነው። ከውጭ የተማሩትን ጥበብ አስተማሪው ከሄደ በኋላ ሠርቶ ማሳየት፥ ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ክብር የለም።

ድልድዩ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ያህል አገለገለ። ነጋዴው፥ ተሳላሚው፥ ሙሽራው፥ አህያውና በጉ ሁሉ አለፈበት። ከዚያ በኋላ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የመካከለኛው ቅስት ተሰበረ። አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር ብለው እንደ ሰበሩት ይነገራል። አባቶቻቸው የሠሩትን በገዛ እጅ ማፍረስ እንዴት እንደሚመር እናስብ! ነገር ግን ቤቱ በሚዘረፍበት ሌሊት በሩን በድንጋይ የሚዘጋ ሰው አይነቀፍም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ሌሊቱ ነግቶ፥ ጠላት እ.ኤ.አ. በ1941 ተባርሮ፥ በሩ ግን ሳይከፈት መቅረቱ ነው። ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። በተሰበረው ቅስት ወዲህና ወዲያ ጎልማሶች ቆመው ገመዱን ሲይዙ፥ ተሻጋሪው ታስሮ በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይሳባል። ከበታቹ ዓባይ ይጮኻል። ለአንድ ሰው ይህ ይቻል ይሆናል። ሃያ በግ ነድቶ ሞጣ ገበያ ለሚሄድ ገበሬ ግን ምን ይጠቅመዋል? በጉን አንድ በአንድ ሲያሻግር ገበያው ይበተናል፤ በዋና ላሻግር ቢል ግልገሉን ውኃ ይወስድበታል። ስለዚህ በቅርቡ ላገኘው ገዢ በረከሰ ዋጋ ሸጦ ይመለሳል። የድልድይ መሰበር ማለት በደኻው ቤት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ የልጁ ደብተር ይቀራል ማለት ነው።

ይህ ሁኔታ ከስድሳ ዓመት በላይ ቈየ። በመጨረሻም ሰው በገመድ ሲሳብ የሚያሳይ ፎቶግራፍ «ናሽናል ጂኦግራፊክ» በተባለው መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥዕሉን አይቶ ልቡ ስለ ተነካ፥ በ2001 «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን በጎ አድራጊ ማኅበር አቋቋመ። በ2002 የተሰበረው ቅስት በብረት ተጋጥሞ ሕዝቡ እንደ ገና በእግሩ ተሻገረ። ነገር ግን በ2005 የክረምቱ ጎርፍ ያንን ጥገና ወሰደው። ሠሪዎቹ ግን ተስፋ አልቈረጡም። በ2009 በዚያው አካባቢ ጎርፍ ወደማይደርስበት ከፍታ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ።

በድንጋዩና በተንጠልጣዩ ድልድይ መካከል ያለውን ልዩነት በፊዚክስ ትምህርታችን ተረድተናል። ድንጋይ ሲጫኑት ይጸናል፥ ሲጎትቱት ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ የድንጋይ ድልድይ ቅስት ሆኖ ሸክሙን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ወንዙ ሰፊ ሲሆንም እግሮቹን በወንዙ መካከል መትከል ግድ ይሆንበታል። የብረት ገመድ ግን ሲጎትቱት ይጸናል። ሁለቱ ጫፎቹ በወዲያና በወዲህ ማዶ ከመሬት ጋር ተጣብቀው ከታሰሩ፥ በወንዙ መካከል ምንም እግር ሳያስፈልገው ሸክሙን ይይዛል፤ ጎርፉም የሚገፋው ነገር አያገኝም።

ለመንጋ ሲባል ድልድይ መሥራት ለሌላው ዓለም እንግዳ ነገር አይደለም። በአሜሪካ አገር በአሪዞና ክፍል፥ በበጋ ወደ ደጋ በክረምት ወደ ቆላ የሚነዳውን የበግ መንጋ የቬርዴ ወንዝ ስላስቸገረው፥ በ1940ዎቹ መጀመሪያ አንድ የበግ አርቢዎች ኩባንያ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ አሠርቶ ነበር። ያም ድልድይ በ1978 በአገሩ የታሪክ ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ከዚያም በእርጅና ምክንያት ፈርሶ፥ በምትኩ እርሱን የሚመስል ሌላ ተሠራ። እነርሱ የበግ መሻገሪያቸውን እንደ ቅርስ ካከበሩ፥ እኛ ነጋሢ ያሠራውን እንዴት እንረሳለን?

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ድልድይ መሥራት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ሥራ አለመሆኑን ነው። ፋሲል ሠሩ፥ ጦርነት ሰበረው፥ እንግዳ ጠገነው፥ ጎርፍ ወሰደው፥ እንደ ገናም ተዘረጋ። ሁለተኛው ደግሞ እኛን የተማርነውን የሚመለከት ነው። ኬን ፍራንዝን ከልብ እናመሰግናለን፤ ሆኖም ያን ገመድ እርሱ በፎቶግራፍ ከማየቱ በፊት የእኛ ወገን በዓይኑ ሲያየው ኖሯል። አይቶ ዝም ያለው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ስለ ለመደው ነው። መከራን መልመድ ከመከራው ይልቅ ይጎዳል።

በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን እንወጣለን። ከመካከላችን መሐንዲስ የሚሆን ይኖራል፤ መምህርም፥ ገበሬም፥ ነጋዴም የሚሆን ይኖራል። ሁላችንም ወደየወንዛችን ስንመለስ፥ ያ የእስቴ ልጅ በክፍል ውስጥ ያነሣውን ጥያቄ ይዘን እንመለስ። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ በእረኛውና በበጉ መካከል ዛሬም ወንዝ አለ። ወላጆቻችን በጋቸውን ሸጠው ያስተማሩን፥ ለዚያ ጥያቄ መልስ ይዘን እንድንመጣ ነው።