የማይጨው መርዝና ካንሰር

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

እዚህ ወልድያም ሆነ መርሳ ስለ ካንሰር ወሬ ሲነሳ መቼም አንድ ሰው አይጠፋም፤ "ድሮ የት ነበር? የዘይትና የፕላስቲክ ዘመን ያመጣብን ነው" የሚል። ዘይቱንና ፕላስቲኩን ለባዮሎጂና ለኬሚስትሪ መምህራን ልተወውና እኔ በታሪክ በኩል ልምጣ። ምክንያቱም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች አንዱ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ኮረምና አሸንጌ ሐይቅ አካባቢ፣ በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ተረጭቷል። ማይጨውን ሁላችንም ተምረናል፣ እኔም አስተምሬዋለሁ። "ጣሊያን በመርዝ ጋዝ አሸነፈን" እንልና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እናልፋለን። ከመርዙ የተረፈው ሰው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን ሆነ? ይኼን የሚጠይቅ የመማሪያ መጽሐፍ አላየሁም።

በዓለም ጤና ድርጅት ሥር አንድ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አለ፣ መቀመጫው ፈረንሳይ ሊዮን ነው። ካንሰር የሚያመጡ ነገሮችን እንደ ማስረጃው ጥንካሬ በምድብ በምድብ ያስቀምጣል። አንደኛው ምድብ "በሰው ላይ የተረጋገጠ" የሚባለው ነው። ሲጋራ እዚያ አለ። አልኮል አለ። የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) አለ። እህልና ለውዝ ሲሻግት የሚፈጠረው አፍላቶክሲንም አለ (ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ የምታስቀምጡ የሀብሩና የቆቦ ሰዎች ይቺን ልብ በሉ፣ ሌላ ቀን እመለስባታለሁ)። የሰናፍጭ ጋዝም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው።

ጋዝ ይባላል እንጂ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ሽታው ሰናፍጭ ወይም ነጭ ሽንኩርት ይመስላል ስለተባለ ስሙ እንዲያ ቀረ። ጣሊያኖች "ኢፕሪት" ይሉታል፤ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1917 መጀመሪያ የተጠቀሙበት በቤልጅየሟ ኢፕር ከተማ አጠገብ ስለነበር ነው። የነካው ሰው ወዲያው ላይሰማው ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ነው ቆዳው ውኃ የሚቋጥረው፣ ዓይኑ የሚጠፋው፣ ጉሮሮው የሚላጠው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዓለም ደንግጦ እ.ኤ.አ. በ1925 ጄኔቫ ላይ የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክል ስምምነት ተፈረመ። ጣሊያንም ፈርማለች፤ በ1928 አጽድቃዋለች። በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። በእኛ 1928 ምን እንዳደረገች ደግሞ እነሆ።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አጋማሽ በተከዜ በኩል የራስ እምሩ ጦር ወደ ሰሜን ሲገፋ የጣሊያን አውሮፕላኖች ያልተለመደ ነገር ጣሉ። ራስ እምሩ ራሳቸው በኋላ እንደተናገሩት፣ መሬት ሲደርስ ተሰንጥቆ ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጭ ነገር ነበር። ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸው፣ ፊታቸው ውኃ ቋጠረ። ከቀናት በኋላ ሙሶሊኒ ለማርሻል ባዶሊዮ ማንኛውንም ጋዝ በሰፊው እንዲጠቀም የሚፈቅድ ቴሌግራም ላከ። ዋናው ቦምብ በውስጡ ከ200 ኪሎ በላይ ኢፕሪት የሚይዝ ነበር፤ መሬት ሳይደርስ አየር ላይ እንዲፈነዳ ተደርጎ የተሠራ፣ ፈሳሹ እንደ ካፊያ እንዲወርድ። ከዚያ ደግሞ እንደ ፀረ ተባይ መርጫ ከክንፍ ሥር ሆኖ የሚረጭ መሣሪያ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ቆመው ስለዚህ መርጫም ተናግረዋል፤ አውሮፕላኖች እየተከታተሉ ሰውን፣ ከብትን፣ ወንዝን፣ ሐይቅን፣ ግጦሹን ሁሉ እንዳረሰረሱት።

አሁን የኛን ወታደር አስቡት። አብዛኛው ባዶ እግሩን ነው። መርዙ የወረደበትን ሣር ረግጦ ያልፋል። የለበሰው የጥጥ ጋቢና ኩታ ደግሞ ፈሳሹን መጥጦ ከገላው ጋር ያጣብቀዋል። ውኃው ተመርዟል፣ መታጠቢያ የለም። ጭንብል የነበረው ጥቂት ሰው ነው። በኮረም በኩል የነበረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን እንዲህ የተቃጠሉ ሰዎችን ሲያክም ነበር፤ የካቲት 25 ቀን ራሱ ቡድኑ በቦምብ ተመታ። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ውጊያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ያፈገፈገው ሠራዊት አሸንጌ ሐይቅ ዳር ሲደርስ እንደገና ቦምብና መርዝ ወረደበት። ሚያዝያ 7 ጣሊያን ደሴ ገባ። ከማይጨው ወደ ደሴ ዋናው መንገድ በአላማጣ፣ በቆቦ፣ በወልድያ፣ በመርሳ ነው። ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስበት መንገድ ማለት ነው።

በዚህም አላበቃም። በሚያዝያ 1931 በመንዝ በኩል ዘረት በምትባል ቦታ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ ጣሊያን ይኼንኑ መርዝ ተጠቅሟል።

ወደ ካንሰሩ ልመለስ። መርዙ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል? ሁለት እጅ እንዳለው አድርጋችሁ አስቡት። በሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ደግሞ እንደተገመደ ሁለት ክር ነው። መርዙ በአንድ እጁ አንዱን ክር፣ በሌላው ሌላውን ይይዝና ያቆራኛቸዋል። ሴል ለመከፈል ክሮቹን ማላቀቅ አለበት፣ አይችልም፣ ይሞታል። ሳይሞት የተረፈውና ክሩን አጣሞ የጠገነው ሴል ግን ስህተቱን ይዞ ይባዛል። ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊሆን የሚችለው ይኼ ነው። ሻርሎት አወርባክ የምትባል ከናዚ ጀርመን የሸሸች ሳይንቲስት በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስኮትላንድ ውስጥ ኬሚካል የዘር ቅንጣትን እንደሚለውጥ ያሳየችው በዚሁ ጋዝ ነው፤ የሞከረችው በዝንብ ላይ ነበር።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? የመጀመሪያው የካንሰር ኬሞቴራፒም የተገኘው ከዚሁ መርዝ ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጊልማንና ጉድማን የተባሉ ተመራማሪዎች የሰናፍጭ ጋዝን የቅርብ ዘመድ፣ በሰልፈር ፋንታ ናይትሮጅን የገባበትን፣ የሊምፍ ካንሰር ላለበት ሰው ሰጡ። እብጠቱ ሟሸሸ። ሰውዬው ግን ከወራት በኋላ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ጀርመኖች ባሪ ወደብን ሲደበድቡ ሰናፍጭ ጋዝ በድብቅ የጫነ የአሜሪካ መርከብ ተመታ። ከ600 በላይ ሰዎች በመርዙ ተጎድተው ከ80 በላይ ሞቱ። እነሱን የመረመረው ሐኪም ነጭ የደም ሴላቸው እንደጠፋ መዘገበ፤ ይኼም ለኬሞቴራፒው ሐሳብ ማጠናከሪያ ሆነ። ባሪ የት ነው? ጣሊያን! እግዜር ሲፈርድ እንዲህ ነው የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን የሞቱት መርከበኞች አሸንጌ ላይ ምንም አላጠፉም እላለሁ። ዛሬ ለጡት ካንሰር በሰፊው የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ የዚህ መርዝ የልጅ ልጅ ነው። ያም ራሱ አንደኛው ምድብ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ሐኪም መጠኑን እየለካ የሚሰጠው አንድም ለዚህ ነው።

ታዲያ መርዙ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በምን ታወቀ? በጃፓን። ኦኩኖሺማ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ከ1929 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ጋዙን የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። በ1968 የታተመ ጥናት 495 የቀድሞ ሠራተኞችን ተከታትሎ 33ቱ በመተንፈሻ አካል ካንሰር እንደሞቱ አገኘ። ከተራው ሕዝብ ተመሳሳይ ቁጥር ቢወሰድ የሚጠበቀው ሞት አንድ እንኳ አይሞላም ነበር።

ይኼ ሊታወቅ የቻለው ግን ፋብሪካው የሠራተኞች መዝገብ ስለነበረው ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ክፍል። ካንሰርን ከምክንያቱ ጋር ለማገናኘት መጀመሪያ የስም ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ስንት ሰው ተነካ፣ ከነሱ ስንቱ ታመመ። የኛ ዘማች ከክቡር ዘበኛው በቀር ክተት ሲባል ስንቁን ቋጥሮ፣ የአለቃውን ዱካ ተከትሎ የወጣ ገበሬ ነው። ሲመለስም ወደ እርሻው ነው። ከዚያ በኋላ ድምፁ ቢጎረና፣ ሳል ቢያዳክመው፣ ደም ቢተፋ ማን ጻፈው? "ነቀርሳ" ተብሎ ይቀበራል፤ ነቀርሳ ደግሞ በኛ አማርኛ ለካንሰርም ለሳንባ ነቀርሳም አንድ ስም ነው። ነዋሪውን መሠረት ያደረገ የካንሰር መዝገብ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ከማይጨው 76 ዓመት በኋላ። በ15 ዓመቱ የዘመተ ልጅ ያኔ 91 ዓመቱ ነው።

ስለዚህ "የማይጨው ዘማቾች በካንሰር አለቁ" የሚል ፖስት ካያችሁ አትመኑ። አንድ ሁለት ጊዜ የተነካ ሰው ለዓመታት ፋብሪካ ውስጥ እንደሠራ ሰው አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋዝ የነካቸው የእንግሊዝ ወታደሮች ሲጠኑ የሳንባ ካንሰር ሞታቸው ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ሆኖም ጋዝ ሳይነካቸው በብሮንካይተስ በተሰቃዩ ወታደሮችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ስለተገኘ ነገሩ እስካሁን ያከራክራል። እንግሊዝ ግን ቢያንስ የሚከራከርበት ቁጥር አለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ጣሊያን ነገሩን ለአሥርት ዓመታት ሲክድ ቆይቶ፣ የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ሰነድ በሰነድ ሲሟገት ከርሞ፣ የመከላከያ ሚኒስቴሩ በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ያኔ ደግሞ የሚመረመር ዘማች ያለቀ ያህል ነበር።

አሁን ሥራ ልስጣችሁ፣ መምህር ነኝና አትፍረዱብኝ። ከሀብሩ፣ ከጉባላፍቶ፣ ከቆቦ፣ ከላስታም ሆነ ከሌላ ቦታ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ በ1928 ሰሜን የዘመተ ካለ ቤት ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁልኝ። በመርዝ ተጎድቶ ነበር ወይ? ገላው ላይ ምን ቀረ? ዓይኑስ፣ ድምፁስ? በስንት ዓመቱ፣ በምን ሕመም አረፈ? "በሳል" ከተባለ ስንት ዓመት ሳለ? ዓመቱን የማያስታውሱ ከሆነ "ከጃንሆይ መውረድ በፊት ነው በኋላ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ እሱን አይረሱም። ያገኛችሁትን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ስም ባትጠቅሱም ቀበሌውን አትርሱ። ደብተር ገዝቼ አስምሬ ጨርሻለሁ።