ነጭ ዓሣ አንድ ነው ወይስ ብዙ?

በአዲስ አበባ ዙሪያ ከሚገኙት ከተሞች ሆለታ በግብርና ምርምር ማዕከሏ፣ ሰበታ ደግሞ በዓሣና በሌላው የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከሏ ይታወቃሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሙያው መሐንዲስ ነው፤ ሆኖም የዓሣ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ የመሐንዲሱንም ሥራ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘው ታሪኩን በአጭሩ ያቀርባል።

ዓሣን ከዓሣ መለየት ቀላል መስሎ የሚታይ ከባድ ሥራ ነው። በህንድ ውቅያኖስ የሚጠመዱት ባለ ቢጫ ክንፍና ባለ ትልቅ ዐይን ቱናዎች በለጋ ዕድሜያቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ ለማረጋገጥ ሆዳቸው ተከፍቶ ጉበታቸው ይታያል፤ የባለ ትልቅ ዐይኑ ጉበት ከታች በኩል ሸንተረር ሲኖረው የሌላው ልሙጥ ነው።

የእኛም ጣና ሐይቅ ተመሳሳይ እንቆቅልሽ አለው። በገበያ «ነጭ ዓሣ» ተብሎ በአንድ ስም የሚሸጠውን ወገን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በልዩ ልዩ ዝርያ ከፍሎ መዘገበው። ከስያሜዎቹም አንዱ «ጎርጓሪ» ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ ሊቅ አብዛኞቹን ወደ አንድ ዝርያ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ደግሞ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ የራሳቸውን ርዝመት፣ የአፋቸውን አቀማመጥና የዐይናቸውን ስፋት ለክተው፣ ምግባቸውንም መርምረው 15 ያህል ዝርያዎች እንዳሉ አስረዱ። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ በመንጋጋው ላይ ጥርስ ለሌለው ለዚህ ወገን ይህ የሚያስደንቅ ነው።

ክርክሩ የስም ብቻ አይደለም። ከዝርያዎቹ ከፊሎቹ በክረምትና በክረምቱ ማግሥት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው በጠጠራማ ሥፍራ እንቁላል ይጥላሉ። ዓሣ አስጋሪውም በወንዞቹ አፍ ላይ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ ታውቋል። ሁሉም በአንድ ስም ቢቆጠሩ ኖሮ የአንዱ መጥፋት በሌላው መብዛት ተሸፍኖ በቀረ ነበር።

ዛሬ በርብ ወንዝ ላይ ግድብ ቆሟል፤ ሌሎችም ወንዞች ለመስኖ ይፈለጋሉ። ገበሬው ውኃ ያስፈልገዋልና ግድብ አይሠራ ማለት አይቻልም። ነገር ግን መሐንዲሱ የወንዙን ፍሰት እንደሚለካ ሁሉ በየትኛው ወር የትኛው ዓሣ በዚያ እንደሚያልፍ መጠየቅ ይገባዋል። ይህም ጥያቄ መቅረብ ያለበት የግድቡ ንድፍ ከመጽደቁ በፊት እንጂ ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ አይደለም።