የታሪክ ማስታወሻ፦ የካኒንግ ወንዝ ካርታ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ሰሜናዊ አላስካ፣ ዛፍ የማይበቅልበት የካኒንግ ወንዝ አገር ያደርሰናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1906 «ዳችስ ኦፍ ቤድፎርድ» የተባለች መርከብ አሜሪካዊውን ኧርነስት ሌፊንግዌልንና ዴንማርካዊውን አይናር ሚኬልሰንን ይዛ በዚያው አካባቢ ወዳለችው ፍላክስማን ደሴት ደረሰች። ከአላስካ በስተሰሜን ያልታወቀ የብስ እንዳለ ለማጣራት ነበር የመጡት። ውሾች በሚጎትቱት መንሸራተቻ በባሕሩ በረዶ ላይ ቢጓዙም የብስ አላገኙም። መርከቧም በበረዶ ተጎድታ ከጥቅም ውጪ ሆነች፤ ሳንቃዋን ነቅለው ደሴቲቱ ላይ ጎጆ ሠሩበት። ሚኬልሰን ሲሄድ ሌፊንግዌል ቀረ። በአብዛኛው በራሱ ወጪ እስከ 1914 ድረስ እየተመላለሰ 9 በጋና 6 የበረዶ ወቅት እዚያ አሳለፈ።

የካርታ ሥራው ትዕግሥት የሚፈትን ነበር። በመጀመሪያ አንድ መስመር በጥንቃቄ ይለካል። ከዚያ ከመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ሆኖ ሩቅ ያለን ምልክት ቴዎዶላይት በተባለ መሣሪያ እያነጣጠረ ማዕዘኑን ይወስዳል፤ ምልክቱ ያለበት ቦታ በስሌት ይገኛል። ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ላይ እየቀጠለ 240 ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር ዳርቻ ካርታ ላይ አሰፈረ። የአገሩ ባለቤቶች ኢኑፒያት አብረውት ተጉዘዋል፣ የወንዞቹንና የተራሮቹንም ስም ነግረውታል። ብዙ አሳሾች የነባሩን ሕዝብ ስም ፍቀው የራሳቸውን ወገን ስም በሚተክሉበት ዘመን፣ እንደ ሳድለሮቺት ያሉ ስሞችን በካርታው ማስፈሩ ሊመሰገንበት ይገባል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ከመሬቱ ሥር ያየው ነገር ነው። ማዕበል በናደው የባሕር ዳር ገደል ውስጥ፣ ላዩ ሰፊ ታቹ ሹል የሆነ የበረዶ ሽብልቅ በአፈሩ መሐል ተቀርቅሮ ይታያል። የእኛ ዋልካ በበጋ ደርቆ እንደሚሰነጠቅ፣ ያ መሬት ደግሞ በኃይለኛ ቅዝቃዜ ይሰነጠቃል። ከላይ ያለው በረዶ ሲቀልጥ ውኃው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ መልሶ ይረጋል፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ላይ ይሰነጠቃል፣ እንደገና ውኃ ይገባዋል። ቀጭን ንብር በንብር ላይ እየተጨመረ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲቆይ ሽብልቁ ይወፍራል። ይህን በ1915 በጽሑፍ አስረዳ፤ የዛሬ ተመራማሪዎችም መነሻቸው ይኸው ማብራሪያ ነው።

ካርታውንና ጥናቱን የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በ1919 አሳተመው። በ1968 ከካኒንግ በስተምዕራብ፣ ፕሩድሆ ቤይ ላይ ትልቅ የነዳጅ ዘይት ክምችት ተገኘ፤ ዘይቱን የያዘው ዋናው የዐለት ንብርም ሌፊንግዌል ሳድለሮቺት ብሎ የሰየመው ነበር። እሱ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ያረፈው በ1971፣ በ96 ዓመቱ ነው።